የረቡዕና የአርብ ቀማሽ

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ የጻፍኩት ረጅሙ ነገር የኩሽናው በር ላይ የምንለጥፈው ያለቀ ዕቃ ዝርዝር ነው፤ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ የዕቃ ሳሙና፣ ሽቦ። ሰው ፊት መናገርም አልችልም። ሰው ትኩር ብሎ ሲያየኝ አንገቴ ይግላል፤ ያሰብኩት ነገር ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል። ወረቀት ግን አያየኝም። ስለዚህ እዚህ ላይ የማስበውን እንዳለ አሰፍራለሁ። ዝምተኛ ስለሆንኩ ሰዎች ደግ እመስላቸዋለሁ። አይደለሁም። ዝም የምለው አብዛኛውን ጊዜ ሰው እየናቅኩ ነው።

የምጽፈው ስለተረፈ ፓስታ ነው። ይሄም ይጻፋል ወይ የሚል ካለ፣ የሰው ሆድ በምን እንደሚታመም አያውቅም ማለት ነው።

የምሠራው ቦንጋ ውስጥ አንድ ሆቴል ነው። ዕቃ አጥባለሁ። ሆቴላችን አዳራሽ አለው፤ ከዞኑ ቢሮዎች፣ ከዩኒቨርሲቲው፣ ከየወረዳው የሚመጡ ሰዎች ይሰበሰቡበታል። ስብሰባ አይሉትም፤ ወርክሾፕ ይሉታል። ጠዋት ይገባሉ፣ ፕሮጀክተር ይከፈታል፣ መብራት ይጠፋል፣ ጄኔሬተር ይነሳል፣ ሻይ ይጠጣሉ፣ እንደገና ገብተው ይቀመጣሉ፣ ከዚያ ምሳ ይበላሉ። ከሰዓት በኋላ ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። ሳህናቸውን የማጥበው እኔ ስለሆንኩ ማን ምን እንደተወ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ስለተመጣጠነ ምግብ ሲሠለጥኑ የዋሉ ሰዎች ጎመኑን እንዳለ ትተው ሥጋውን ብቻ ለቅመው ሄደዋል። ሳህናቸው ላይ የተረፈውን ጎመን ስጠርግ ብቻዬን ሳቅኩ።

ባለፈው ዓመት የሆቴሉ ባለቤት፣ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው፣ ከአዲስ አበባ ሼፍ አመጡ። ከአዲስ አበባ መምጣቱ ብቻ በቂ ነበር። ሰውየው ምንም ቢናገር አስተናጋጆቹ ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ። «ዛሬ ዝናብ ይመጣል» ቢል እንኳን፣ እዚህ ተወልደው ያደጉ ሰዎች አዲስ ነገር እንደሰሙ ሆነው ሰማይ ያያሉ። ቦንጋ ውስጥ ዝናብ የማይመጣው መቼ ነው? ረጅም ነጭ ቆብ ያደርጋል። የኩሽናችን ጣሪያ ዝቅ ያለ ቆርቆሮ ስለሆነ የቆቡ ጫፍ ጥቀርሻ እየነካ ይጠቁራል፤ አጥቤ የማነጣው ደግሞ እኔ ነኝ። ምግብ ሲሠራ ሳህኑን ከደንበኛው በፊት የሚያየው ስልኩ ነው። በዚህ በኩል ያነሳዋል፣ በዚያ በኩል ያነሳዋል፣ ቅጠሏን ትንሽ ዘወር አድርጎ እንደገና ያነሳዋል። ምግቡ ደንበኛው ጋ ሲደርስ በርዷል።

እሱ ያመጣው ትልቁ ነገር የተሞላ ፓስታ ነው። ሊጥ አቡክቶ በመዳመጫ ያሳሳዋል፣ በብርጭቆ አፍ ክብ ክብ አድርጎ ይቆርጠዋል፣ መሃሉ ላይ በሽንኩርት የበሰለ የተፈጨ ሥጋና ቆስጣ ያደርጋል፣ አጥፎ ጠርዙን በሹካ ይጫነዋል፣ ከዚያ የፈላ ውሃ ውስጥ ቀቅሎ የቲማቲም ስጎ ያፈስበታል። ወጥ ሠሪያችን በሆቴሉ ከሁላችንም በፊት የገባች፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት ናት። መጀመሪያ ቀን ድስቱ ላይ አጎንብሳ አየችና፣

«ውይ! ሳምቡሳውን ቀቀልከው?» አለችው።

«ሳምቡሳ አይደለም። ፓስታ ነው።»

«ታዲያ ምን በልቶ ነው እንዲህ ቦርጭ ያወጣው?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አስተናጋጆቹ እሱ ከኩሽና ሲወጣ «ሁለት ቦርጫም! አንድ ቦርጫም!» እያሉ ነው የሚያዙት። እሱ ሲገባ ደግሞ ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ። ለእነሱ ያለኝ ንቀት ለእሱ ካለኝ አያንስም።

ውሸት ግን አልጽፍም፤ ፓስታው ትኩሱን ሲበላ ጣፋጭ ነው። ሰውየው እጁ ላይ ሙያ አለ። የሚጎድለው ከዚያ በኋላ ላለው ነገር የሚሆን ሐሳብ ነው። ለእሱ ምግብ ማለት ፎቶ የተነሳበት ደቂቃ ነው። የተረፈው፣ የበረደው፣ ያደረው የአጣቢ ጉዳይ ነው።

እኔ አጣቢዋ ከዚህ ነገር ውስጥ እንዴት እንደገባሁ ልናገር። ኩሽናው ውስጥ ከእኔ በቀር ሁሉም ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ረቡዕና አርብ ይጾማሉ። ሆቴሉ ግን ሁለቱንም ቀን የፍስክ ይሠራል፤ ከተማው ውስጥ ፕሮቴስታንቱ ብዙ ነው፣ መንገደኛውም ከየትም ይመጣል። ስለዚህ ሥጋውን የሚሠሩት ሰዎች ሊቀምሱት አይችሉም። እኔ ከመምጣቴ በፊት በግምት ነበር የሚሠሩት። እኔ የፕሮቴስታንት ልጅ ነኝ። ሥራ በጀመርኩ በሳምንቱ፣ ረቡዕ ቀን፣ ወጥ ሠሪዋ ማንኪያ ይዛ ወደ መታጠቢያው መጣች።

«አንቺ ልጅ፣ አትጾሚም አይደል?»

«አልጾምም።»

«እሰይ! በይ እንኪ፣ ምላስሽን አውሺኝ።»

እንዲህ ሆኜ የረቡዕና የአርብ ቀማሽ ሆንኩ። በሌላው ቀን እጄ ሳሙና ውስጥ ነው፤ ማንም ዞር ብሎ አያየኝም። በእነዚህ ሁለት ቀናት ግን «ልጅቷን ጥሯት» ይባላል። ለወጥ ሠሪዋ እውነቱን እነግራታለሁ፤ «በርበሬው አልበሰለም» ካልኳት «ተባረኪ» ብላ ትመልሰዋለች። ሼፉም ይጾማል። እሱ ማንኪያውን ያቀብለኝና ፊቴን ሳይሆን ግድግዳውን እያየ «እ?» ይላል። እኔም «ጥሩ ነው» እላለሁ። ቢያርም ጥሩ ነው። ቢሟሟም ጥሩ ነው። በምላሴ ሲሠራ፣ ምላሴ የአንዲት አጣቢ መሆኑ ያሳፍረው ነበር። እኔ ደግሞ ያንን ኀፍረት እያየሁ «ጥሩ ነው» እላለሁ። የናቅኳቸውን ሰዎች በተራ ብጽፍ ከላይ የምትመጣው ያቺ «ጥሩ ነው» ባይ ናት።

ስለተረፈ ምግብ የማውቀው ከሆቴል አይደለም። ያደግኩት ከደካ ወጣ ያለ ቀበሌ ነው። ልጅ ሆኜ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት እየዞረች ታስተምር ነበር። «የተረፈ ወጥ በትልቅ ድስት ከድናችሁ አታሳድሩ፤ መሃሉ ሳይበርድ ያድራል። በሰፊ ዕቃ ስስ አድርጋችሁ ዘርጉት፣ ቶሎ ይቀዝቅዝ። ስታሞቁት ለብ አታድርጉት፣ እስኪንተከተክ አሙቁት። አንዴ ያሞቃችሁትን መልሳችሁ አታሳድሩት» ትል ነበር። ጎረቤቶቻችን «እሺ፣ እሺ» እያሉ ይሰሟታል። ገና ከግቢው ሳትወጣ፣ «ገና ያላገባች ልጅ ስለ ድስት ልታስተምረን መጣች» ብለው ይስቁባታል። እኔም አብሬ ስቄያለሁ።

ከዚያ ጎረቤት ሠርግ ተደገሰ። የተረፈው የሥጋ ወጥ በትልቁ ድስት እንደተከደነ አደረ፤ በማግስቱ ለብ ለብ ተደርጎ ለሰፈሩ ልጆች ተሰጠ። ታናሽ እህቴ ሦስት ቀን ሙሉ ሲያስመልሳትና ሲያስቀምጣት ቆየ። ከንፈሯ ነጭ ሆነ፤ ስንጠራት ዓይኗን ትገልጥና መልሳ ትከድናለች። ወንዶች ተሸክመው ጤና ጣቢያ አደረሷት። ተረፈች። ጎረቤቶቻችን ተሰብስበው መጡና ነገሩን መረመሩት፤ «ዓይን ነው» አሉ። ሠርጉ ላይ ማን እንዴት እንዳያት፣ የማን ዓይን ከባድ እንደሆነ አንድ በአንድ ቆጠሩ። ድስቱን የጠረጠረ የለም። ያ ወጥ ሲበላ ምንም አይሸትም ነበር፤ እኔም ቀምሼው ነበር፤ ሽታ ስላልነበረው ነው ሁሉም የበላው። ሰው መናቅ የጀመርኩት ያን ሳምንት ይመስለኛል።

ያቺ እህቴ አሁን ቦንጋ ከእኔ ጋር ናት፤ ዘጠነኛ ክፍል ትማራለች። አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን እንኖራለን፤ የምንኖረው በእኔ ሥራ ነው። ይህን የምጽፈው አርብ ዕለት ምን ይዤ እንደቆምኩ እንዲታወቅ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ሐሙስ ነው። ሐሙስ ትልቅ ወርክሾፕ ነበረ። ሼፉ የሁሉም ሰው ምሳ የተሞላ ፓስታ እንዲሆን እትዬን አሳመናቸው። ከዋዜማው ጀምሮ ሊጥ ሲዳመጥ ዋለ፤ እኔም ከመታጠቢያው ተነሥቼ ጠርዝ በሹካ ስጫን ጣቴ ደነዘዘ። ሐሙስ ረፋዱ ላይ ሰማዩ ጠቆረ። ከደካና ከቢታ ገነት የመጡት ሰዎች መንገዱ ሳይበላሽ እንሂድ ብለው ምሳ ሳይቀርብ መኪናቸው ውስጥ ገቡ። የቀሩት ሳህናቸውን አዩና፣

«እንጀራ የለም ወይ?» አሉ።

ሼፉ አዳራሹ በር ላይ ቆሞ ይህን ሰማ። ፊቱን ማየት ነበረባችሁ። ከሰዓት በኋላ ትልቁ ድስት ከግማሽ በላይ እንደሞላ፣ ትኩሱን እንደተከደነ፣ ወደ ኩሽና ተመለሰ።

ደጋግሜ በልቤ ከተለማመድኩ በኋላ ጠጋ አልኩት።

«ሼፍ፣ ይቅርታ... ትሪ ላይ ልዘርጋውና ፍሪጅ ላስገባው?»

«ትኩስ ነገር ፍሪጅ አይገባም። ልታቃጥይው ነው?»

«ስስ አድርጌ ከዘረጋሁት ቶሎ ይበርዳል... ያኔ አስገባዋለሁ...»

«ስንተኛ ክፍል ነሽ አንቺ?»

ከስድስተኛ እንዳቆምኩ ሁሉም ያውቃሉ፤ አስተናጋጆቹ ሳቁ። አንገቴ ጋለ።

«ድስቱ እንደተከደነ ይቀመጥ» አለ። «ነገ ሲበርድ ራሴ አስገባዋለሁ። አንቺ ሳህንሽን እጠቢ።»

ሳህኔን አጠብኩ። እሱ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ሲወጣ ግን ሁለት ሰፋፊ ትሪዎች አውርጄ ዘይት ቀባኋቸው። ከድስቱ ላይ ላዩን ያሉትን ያልፈረሱትን እያነሳሁ፣ አንዱ ከሌላው ሳይነካካ ደረደርኳቸው። ከተነካኩ ይጣበቃሉ፤ በኋላ ሲነሱ ሊጡ ይቀደድና ሥጋው ይፈሳል። ቀዝቃዛው ነፋስ በሚገባበት መስኮት አጠገብ እንፋሎታቸው እስኪቆም ጠበቅኩና ከድኜ ፍሪጁ ታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከጎመኑ ጀርባ አስገባኋቸው። ከሁለት ትሪ በላይ የሚደበቅበት ቦታ አልነበረም። ስጎውንም በትንሽ ዕቃ ቀድቼ አጠገባቸው አስቀመጥኩ። ወጥ ሠሪዋ አየችኝ። ጎመኑን ትንሽ ወደ ፊት ሳብ አደረገችልኝ። የቀረው ድስቱ ውስጥ፣ ጠረጴዛው ላይ አደረ።

አርብ ጠዋት ስገባ ድስቱ በቦታው ነው። ክዳኑን ሳነሳው ከውስጥ በኩል ላብ ይንጠባጠባል። ማንኪያ ወደ መሃሉ ሰድጄ ጀርባውን በእጄ ነካሁት፤ ለብ ብሎ ነበር። እዚያ ለብታ ውስጥ ነው ያደረው። ሼፉ ሦስት ሰዓት ላይ መጣና ድስቱን አንስቶ ፍሪጅ ውስጥ ከተተው። በአንድ በር ገብቶ ሲወጣ ኃጢአቱ የሚታጠብለት ይመስል።

ስድስት ሰዓት ላይ ከቢታ ገነት ተነሥተው ወደ ጅማ የሚያልፉ አሥራ ሁለት እንግዶች መጡ፤ የአንድ ፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን አማኞች ናቸው፣ ጾመኛ አልነበሩም። በመስኮቱ ሲወርዱ አየኋቸው። ከዘራ የያዙ አንድ ሽማግሌ አሉ። አንዲት እርጉዝ ሴት ወገቧን ይዛ ቀስ ብላ ወረደችና የመኪናውን በር ተደግፋ ቆመች። አስተናጋጁ እየሮጠ ገባ።

«አሥራ ሁለት የፍስክ! ቸኩለዋል!»

ሼፉ ደስ አለው። ድስቱን አወጣና ስምንት ዘጠኙን አንድ ሳህን ላይ ከምሮ ማይክሮዌቭ ውስጥ ከተተው። ማይክሮዌቩ ጮኸ፤ አወጣው፤ ቀዝቃዛ ስጎ አፈሰሰበት፤ ቅጠል አኖረበት። ፎቶ አነሳው። አርብ መሆኑ ትዝ ያለው ከዚያ በኋላ ነው።

«ልጅቷን ጥሯት!»

እጄን በሽርጤ አብሼ መጣሁ። ሹካውን አቀበለኝ። አንዱን መሃል ለመሃል ቆረጥኩት። ጠርዙ እንደ ቆዳ ደርቋል፤ ውስጡ ያለው ሥጋ ግን አልሞቀም፣ በጣቴ ስነካው ቀዝቃዛ ነው። አፍንጫዬ ጋ አስጠጋሁት፤ ትንሽ ኮምጠጥ ይላል። ባይሸትም ኖሮ አፌ ውስጥ አላስገባውም ነበር። የት እንዳደረ አውቃለሁ።

«እ?» አለ ግድግዳውን እያየ።

«ጥሩ ነው» ብል አሥራ ሁለት ሳህን ይወጣል። ሌላ ነገር ብል ምናልባት ሰኞ ሥራ የለኝም፤ እህቴም ደብተሯን ይዛ ወደ ደካ ትመለሳለች። ለመወሰን ረጅም ጊዜ የወሰድኩ አስመስዬ መጻፍ እችል ነበር፤ አልወሰድኩም። ያቺ ሴት የመኪናውን በር ተደግፋ ስትቆም አይቻታለሁ።

«አልቀምሰውም» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«አይበላም። ውጭ ነው ያደረው። መሃሉም አልሞቀም።»

አሁን ፊቴን አየ። ሥራ ከጀመረ ጀምሮ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

«ቀማሽ ነሽ እንጂ ሐኪም አይደለሽም። ካልሞቀ አሞቀዋለሁ። እሳት የማይገድለው ነገር የለም።»

«ጀርሙን ቢገድል እንኳን... ትቶት ያለፈው መርዝ በማሞቅ አይወጣም።» ይህን የተናገርኩት ለጫማው ነው፤ ቀና ማለት አልቻልኩም።

«ይኼ ደግሞ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የሚሰጠው?»

«ኧረ ሰዎቹ እየጠበቁ ነው!» አለ አስተናጋጁ።

ወጥ ሠሪዋ ማማሰያዋን ይዛ ዞረች። «አንተ ለምን አትቀምሰውም ታዲያ?» አለችው።

«አርብ ነው እኮ! ጾም ላፍርስልሽ?»

ያን ጊዜ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ነገር ከአፌ ወጣ። ልሳደብ አልፈለግኩም፤ እንዲያውም በጣም በትሕትና ነው የተናገርኩት።

«ሼፍ፣ ነገ ቅዳሜ ነው፣ ይፈሰካል። ይሄን ድስት ለነገ ምሳ ላስቀምጥልዎት?»



ወጥ ሠሪዋ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ማማሰያዋን ጣለች። እሱ ግን ዝም አለ፤ ድስቱን አየ፣ መልሶ እኔን አየ። ጾምን አልንቅም፤ ይህ ይታወቅልኝ። ወጥ ሠሪዋ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ ሳትቀምስ ለሌላው ሥጋ ስትጠብስ ስንት ጊዜ አይቻታለሁ፤ አንድ ቀን የበደለችው ሰው የለም። የናቅኩት ያንን ዝምታ ነው። ድስቱ ውስጥ ያለው እንደማይበላ አውቋል፤ ለራሱ አፍ እንደማይሆን አውቋል። ለሌላው አፍ እንዲሆን ግን ይፈልጋል፤ ፎቶው ተነሥቷላ።

ሳቁን ሰምተው እትዬ ገቡ።

«ምንድን ነው ገበያው? እንግዶቹ እጃቸውን ታጥበው ተቀምጠዋል!»

«ልጅቷ አልቀምስም ብላለች» አለ ሼፉ፤ ሕፃን የሚያሳብቅ ይመስል ነበር።

«ለምን?» ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

ድስቱን ብቻ በእጄ አሳየኋቸው።

«እትዬ፣ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው ያደረው» አለችልኝ ወጥ ሠሪዋ። «ተከድኖ። ትኩሱን።»

እትዬ አጎንብሰው አሸተቱት። አፍንጫቸውን ሰበሰቡ። «እውነት ነው?» አሉት።

«ትኩስ ስለነበር ፍሪጁን እንዳያበላሽ ብዬ...»

«ፍሪጁንማ አተረፍክልኝ! አሁን አሥራ ሁለት ሰው ምን ላብላ? ሽሮ ልደርድርላቸው?»

ፍሪጁን ከፈትኩ። ጎመኑን ገፋ አድርጌ ሁለቱን ትሪዎችና ስጎውን አወጣሁ።

«ይሄ ከየት መጣ?» አለ ሼፉ።

የተሞላ ፓስታ ሲሞቅ ሰው ሁሉ የሚሠራው ስህተት መቸኮል ነው። እንደገና ቢቀቀል ሊጡ ይሟሟል፤ በኃይለኛ እሳት ቢጠበስ ውጭው ያራል፣ ውስጡ አይሞቅም። ቡታጋዙ ላይ ሁለት ሰፋፊ መጥበሻዎች ጣድኩና እሳቱን ቀነስኩ። ንጥር ቅቤ አቀለጥኩ፤ እኛ አገር ቅቤ ያለ ኮረሪማ ቅቤ ስላልሆነ ገና ሲግል ያውዳል። ፓስታዎቹን በአንድ ረድፍ ብቻ ደረደርኳቸው፤ አንዱ ሌላው ላይ እንዳይወጣ። ሦስት አራት ማንኪያ ውሃ ዙሪያውን ረጨሁና ወዲያው ከደንኩት። ውስጡን የሚያሞቀው እንፋሎቱ ነው። ስጎውን ለብቻው ጥጄ እስኪንተከተክ አማሰልኩት። ከዚያ ክዳኑን ከፍቼ አንድ በአንድ ገለበጥኳቸው፤ ውሃው አልቆ ቅቤው ሲጮህ፣ የነካው ጎን ወርቃማ ሆኖ ጠጠር ብሏል። ከእያንዳንዱ መጥበሻ ከመሃል ወፈር ያለውን አንስቼ ቆረጥኩት፤ ከሥጋው እንፋሎት ወጣ። አንዱን ቀመስኩት። ምላሴን አቃጠለኝ።

«ይውጣ» አልኩ። ለአስተናጋጁ እንዲህ ብዬ አዝዤ አላውቅም። ወሰደው።

ሼፉ እጆቹን አጣምሮ ቆሞ ነበር። በየሳህኑ ላይ ቅጠል ማኖር ጀመረ። ተውኩት፤ ቅጠል ማንንም አይጎዳም።

ድስቱን ወጥ ሠሪዋና እኔ ተሸክመን ወደ ጓሮ ወሰድነው። አስተናጋጁ ለውሾቹ እንስጠው ሲል፣

«ውሾቹ ምን በደሉህ?» አለችው። ጉድጓድ ውስጥ ደፋነውና አፈር መለስንበት።

ስንመለስ አስተናጋጁ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «ሼፍ! እንግዶቹ ይጠሩሃል፤ እንዲህ ያለ ነገር በልተን አናውቅም እያሉ ነው!»

ቢያንስ ትንሽ ያመነታል ብዬ ነበር። ቆቡን በሁለት እጁ አስተካክሎ ወጣ። ለአስተናጋጆቹ ምግብ በምናቀብልበት መስኮት አየሁት፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ያጎነብሳል። ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ይመርቁታል። እርጉዟ ሴት አፏን እየጠረገች የሆነ ነገር ጠየቀችው። እንዴት እንደሚሠራ ሳትጠይቀው አልቀረችም፤ እጁን እያወናጨፈ ረጅም ነገር ነገራት። ምን እንዳላት አላውቅም፤ እውነት እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ። አላለቀስኩም፣ አልተናደድኩምም። ሌላ ሰው ባዳነው ምግብ አጎንብሶ ሲመረቅ ምን ይሰማው ይሆን ብዬ ብቻ አሰብኩ። ምንም የተሰማው አይመስልም። ሳህኖቹ ተመለሱ፤ አሥራ ሁለቱም በዳቦ ተጠርገው ነጥተው ነበር። አንዱንም ለመፈግፈግ ሽቦ አላስፈለገኝም።

መኪናቸው ሲሄድ ሰማሁ። ከዚያ እትዬ ኩሽና ገቡ። መታጠቢያው ጋ፣ ከጀርባዬ ቆሙ። ሲያባርሩኝ ምን ብዬ እንደምወጣ እያሰብኩ፣ ዞር ሳልል አንዱን ሳህን ደጋግሜ አለቀለቅኩት። ሁለቱን ባዶ ትሪዎች አነሱና ገልብጠው አዩዋቸው።

«ማን አስተማረሽ ይሄን?» አሉኝ።

«አገር ቤት... የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ።»

«እ!» አሉ። የሰሙኝ አልመሰለኝም። ትሪዎቹን ሳሙናው ውስጥ ከተቱልኝና እጃቸውን በሽርጤ ጠረጉ።

«እንግዲህ ካወቅሽበት ከነገ ጀምሮ የሚተርፈውን ሁሉ የምታስቀምጪውም የምታሞቂውም አንቺ ነሽ። ሰው ከጠየቀሽ ሼፉ ነው ያዘዘኝ በዪ፤ ከአዲስ አበባ ድረስ ያመጣሁት ሰው ነው። ዕቃ ማጠቡን ደግሞ እንዳትተዪ።»